የሥራ ፋይል በማን ስም ይቀመጥ? የአንድ አማካሪ መሐንዲሶች ድርጅት የጉዳይ ጥናት

መነሻ

አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች የሥራ ፋይሎቻቸውን ክላውድ ላይ ለማስቀመጥ ሲነሡ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ብዙ ቦታ በነፃ የሚሰጠው የትኛው ነው?» ብለው ነው። ይህ ጉዳይ ሊመዘገብ የሚገባው ጥያቄው ከሌላ ቦታ መጀመር እንዳለበት በግልጽ ስለሚያሳይ ነው። ፋይሉ በማን ባለቤትነት እንደተመዘገበና ኢንተርኔት በሌለበት ቀን ሥራው እንዴት እንደሚቀጥል ሳይታወቅ ስለ ቦታ ስፋት መነጋገር የትም አያደርስም። ድርጅቱ ጉዳዩ እንዲጻፍ ፈቅዷል፤ ስሙ፣ የባለሙያዎቹ ማንነትና የፕሮጀክቶቹ ዝርዝር ግን አልተጠቀሰም። እኔ የገባሁበት ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ፣ አማራጮችን እንድመዝንና ሽግግሩን እንድመራ በተጠራሁ ጊዜ ነው።

የድርጅቱ ሁኔታ

ድርጅቱ አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራ የሕንፃ ንድፍና የግንባታ ቁጥጥር አማካሪ ነው። አርክቴክቶችን፣ የስትራክቸር፣ የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ መሐንዲሶችን፣ ድራፍትስማኖችንና የሒሳብ ሠራተኞችን ጨምሮ ሃያ ገደማ ቋሚ ባለሙያዎች አሉት። ከእነዚህ ሌላ ደብረ ብርሃንና ሐዋሳ ባሉ ሳይቶች ላይ ተቆጣጣሪ መሐንዲሶችን አሰማርቶ ነበር።

ፋይሎቹ የተለያየ ጠባይ ነበራቸው። ንድፎች በአውቶካድ፣ የስትራክቸር ስሌት በኢታብስ፣ የሥራ ዝርዝርና መጠን ደግሞ በኤክሴል ይሠራሉ፤ የክፍያ ሰርተፍኬቶች፣ ደብዳቤዎች፣ ቃለ ጉባኤዎችና የሳይት ፎቶዎች ይጨመሩበታል። እያንዳንዱ ባለሙያ በራሱ ላፕቶፕ ሠርቶ ለባልደረባው በፍላሽ ያቀብላል፤ ለሳይት ደግሞ በቴሌግራም ይልካል። ቴሌግራም አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ስለሚቀበልና ሁሉም ሰው ስልኩ ላይ ስላለው ይህ አሠራር ለረጅም ጊዜ ሳያስቸግር ቆይቷል። ይሁን እንጂ ከአንድ ንድፍ አምስትና ስድስት ቅጂዎች በአንድ ግሩፕ ውስጥ ተከታትለው ስለሚላኩ፣ ሳይት ላይ ያለው መሐንዲስ የትኛው የጸደቀው እንደሆነ የሚያውቀው ደውሎ በመጠየቅ ነበር። ፎቶዎችም እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ፎቶ ሲላኩ ስለሚጨመቁና የተነሡበት ቀንና ቦታ መረጃ ከውስጣቸው ስለሚወጣ፣ ክርክር ሲነሣ በማስረጃነት የሚኖራቸው ዋጋ ይቀንሳል።

ሁለት ትልልቅ ፕሮጀክቶች ግን ከዚህ የተሻለ ሥርዓት ነበራቸው። አንድ የስትራክቸር መሐንዲስ በራሱ የጂሜይል አካውንት ጎግል ድራይቭ ላይ ፎልደር ከፍቶ፣ ንድፉንና ስሌቱን ሁሉ ጭኖ፣ ለባልደረቦቹ አጋርቶ ነበር። ማንም አላዘዘውም፤ ሥራው እንዲቀል ከልቡ አስቦ ያደረገው ነው። በድርጅቱ ውስጥ በጥሩ አደረጃጀት የሚታወቁት እነዚህ ሁለት ፎልደሮች ነበሩ።

ችግሩ

መሐንዲሱ በመልካም ስንብት ሥራውን ለቅቆ ወደ ውጭ አገር ሄደ። ንብረት አስረክቦ፣ ላፕቶፑን መልሶ፣ ክሊራንስ ወስዷል። በክሊራንስ ቅጹ ላይ ወንበርና ካልኩሌተር ሳይቀር ተዘርዝረው ሳለ ስለ ፎልደሮቹ የሚጠይቅ መስመር አልነበረም።

ከወራት በኋላ የግል አካውንቱ ሞላበት። ጎግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ለኢሜይል፣ ለድራይቭና ለፎቶ በጋራ የሚያገለግል ስለሆነ፣ ቦታው ሲሞላ አዲስ ኢሜይል መግባት ያቆማል። ቦታ ለማስለቀቅ ትልልቆቹንና አሮጌ የመሰሉትን ፎልደሮች ሰረዘ፤ ድርጅቱ የራሱ ቅጂ አለው ብሎ ማሰቡ የሚያስወቅሰው አይደለም። የተሰረዘ ፋይል በድራይቭ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ 30 ቀን ይቆያል። በእነዚህ ቀናት ውስጥ የተጋሩት ሰዎች ፋይሉን በሊንኩ ሊከፍቱትና ሊቀዱት ይችሉ ነበር፤ ሆኖም ፕሮጀክቶቹ በዚያን ጊዜ በንድፍ ደረጃ የሚነካ ሥራ ስላልነበራቸው ማንም አላየም። ከ30 ቀን በኋላ ሁሉም በቋሚነት ጠፋ።

ጉዳዩ የታወቀው አንድ ሥራ ተቋራጭ በዓምዶች ብረት ላይ የተደረገውን ለውጥ ጠቅሶ ተጨማሪ ክፍያ በጠየቀ ጊዜ ነው። ድርጅቱ መልስ ለመስጠት የተሻሻለው ስሌትና ንድፍ ያስፈልገው ነበር፤ ሊንኩን ሲከፍቱ ፋይሉ እንደሌለ የሚገልጽ ገጽ መጣ።

በግንባታ ሥራ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ለሠራው ሥራ ጥንካሬ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ይደነግጋል፤ ስለዚህ ስለ አንድ ዓምድ ጥያቄ ሊነሣ የሚችለው ንድፉን የሠራው ሰው ድርጅቱን ከለቀቀ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የሥራ ፋይል ዕድሜ ከሠራተኛው የቅጥር ዘመን ጋር የተሳሰረበት አሠራር ለዚህ ዘርፍ ፈጽሞ አይሆንም።

ከጠፋው ምን ተገኘ

በመጀመሪያ የቀድሞው ባልደረባ ተጠየቀ፤ በፍጥነት ተባበረ፤ ነገር ግን ቅርጫቱ ባዶ ነበር። ለአገልግሎት ሰጪው የቀረበው የማስመለስ ጥያቄም ውጤት አላመጣም።

ቀጥሎ የተደረገው ፍለጋ የተሻለ ፍሬ ሰጠ፤ ዘዴው ብዙ ሰው ስለማያውቀው በዝርዝር መግለጽ ይገባል። በግል ጎግል ድራይቭ ውስጥ የአንድ ፋይል ባለቤት ፎልደሩን የከፈተው ሰው ሳይሆን ፋይሉን የፈጠረው ወይም የጫነው ሰው ነው። ስለዚህ ሌሎች ባልደረቦች በዚያ ፎልደር ውስጥ የፈጠሯቸው ሰነዶች አብረው አልጠፉም፤ ማደሪያ ፎልደራቸው ስለተሰረዘ ብቻ ከዕይታ ተሰውረዋል። እያንዳንዱ ሠራተኛ በየአካውንቱ፣ ባለቤታቸው እሱ የሆነና በየትኛውም ፎልደር ውስጥ የሌሉ ፋይሎችን በፍለጋ እንዲያወጣ ተደረገ። የሥራ ዝርዝርና መጠኑ፣ የክፍያ ሰርተፍኬቶቹና ብዙ ደብዳቤዎች በዚህ መንገድ ተመለሱ። የንድፎቹ ፒዲኤፍ ከቴሌግራም ግሩፕ ተገኘ፤ የቀደመ የአውቶካድ ቅጂ ደግሞ ከአንድ ድራፍትስማን ፍላሽ ወጣ።

የኢታብስ ሞዴሉ ግን የትም አልተገኘም። አንድ ሌላ መሐንዲስ ከፒዲኤፉ ተነሥቶ እንደገና ሠራው፤ ለተቋራጩ የሚሰጠው መልስም እስከዚያ ድረስ ዘገየ።

አማራጮቹ የተመዘኑበት መንገድ

ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ያቀረቡት ሐሳብ ለድርጅቱ አንድ አዲስ የጂሜይል አካውንት ከፍቶ ፓስወርዱን ለሁሉም መስጠት ነበር። ይህ ባለቤትነቱን በከፊል ይፈታል፤ ነገር ግን ማን ምን እንደሰረዘ አይታወቅም፣ አንድ ሰው ሲለቅም ፓስወርዱን ከሁሉም ላይ መለወጥ ግድ ይሆናል። ሐሳቡ ተወያይተንበት ተተወ።

የአገልግሎት ሰጪዎችን ስም ከማንሣታችን በፊት መስፈርቶችን ጻፍን። ፋይሉ የድርጅቱ ንብረት ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ ኢንተርኔት ቢቋረጥ ቢሮው መሥራት መቻል አለበት፤ ክፍያው በድርጅቱ ስም፣ በሕጋዊ ደረሰኝና ያለ መስተጓጎል መፈጸም አለበት። አራተኛው የአውቶካድ ፋይሎችን ጠባይ የሚመለከት ሲሆን ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የመጀመሪያው መስፈርት ነፃ አካውንቶችን በሙሉ አስወጣ። የጎግል 15፣ የዋንድራይቭ 5 እና የድሮፕቦክስ 2 ጊጋባይት በስፋት ይለያያሉ፤ ሦስቱም ግን የግለሰብ ናቸው። የቀሩት የጎግል ወርክስፔስ የጋራ ድራይቭ፣ የማይክሮሶፍት 365 ሼርፖይንትና የድሮፕቦክስ የቡድን አገልግሎት፣ ከእነሱም ሌላ በቢሮው ውስጥ የሚተከል ከኔትወርክ ጋር የተገናኘ ዲስክ፣ በተለምዶ ናስ የሚባለው ነበሩ። በጋራ ድራይቭም ሆነ በሼርፖይንት የሚቀመጥ ፋይል ባለቤቱ ድርጅቱ ነው፤ የጫነው ሰው አካውንት ቢዘጋ ፋይሉ ባለበት ይቆያል።

ሁለተኛው መስፈርት ከልምድ የመጣ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተዘግቶ እንደነበር፣ በየካቲት 2015 ዓ.ም. ደግሞ ቴሌግራምን ጨምሮ የማኅበራዊ መገናኛዎች ለወራት እንደተገደቡ ሁላችንም እናስታውሳለን። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት ደብረ ብርሃን ላለው ሳይት የተሻሻለ ንድፍ የሚደርሰው ታትሞ ወይም በፍላሽ ተጭኖ፣ በሾፌር እጅ ነበር። ኢንተርኔት ሁልጊዜ እንዳለ ቆጥሮ የተነደፈ የሥራ ሥርዓት ለዚህ ድርጅት እንደማይሆን ማስረዳት አላስፈለገም።

ከዚህ ጋር የፍጥነት ስሌት አለ፤ ብዙ ድርጅቶች ሳያሰሉት ስለሚገቡበት በቁጥር ላስቀምጠው። የድርጅቱ የቆየ ማህደር ወደ 400 ጊጋባይት ነበር። የመጫኛ ፍጥነቱ በሰከንድ 5 ሜጋቢት ቢሆን፣ መስመሩ ለሌላ ምንም ሥራ ሳይውልና ለአፍታም ሳይቋረጥ ይህን ለመጫን ከሰባት ቀን በላይ ይፈጃል። መብራት በሚሄድበትና ሠራተኛው መስመሩን በሚጠቀምበት እውነተኛ ሁኔታ ሳምንታት ይወስዳል። ስለዚህ «ሁሉንም አሁኑኑ ወደ ክላውድ እንጫን» የሚለው ውሳኔ ገና ከመጀመሩ በፊት ወድቋል።

የክፍያው ጉዳይ ከተጠበቀው በላይ አከራካሪ ሆነ። የእነዚህ አገልግሎቶች ክፍያ በውጭ ምንዛሪ ካርድ የሚፈጸም ስለሆነ፣ ከባለድርሻዎቹ አንዱ ዋሽንግተን ያለ ወንድማቸው በካርዱ እንዲከፍል ሐሳብ አቀረቡ። ይህ በብዙ ድርጅቶች የተለመደና በቅን ልቦና የሚደረግ ነው። ሆኖም የክፍያ ባለቤትነቱ በዘመድ ስም ሲሆን፣ ካርዱ ሲያልቅ ወይም ሰውዬው ሥራ ሲበዛበት አገልግሎቱ ይቋረጣል፤ ወጪውም ለገቢዎች የሚቀርብ ደረሰኝ አይኖረውም። ከአንድ ግለሰብ አካውንት ወጥተን ወደ ሌላ ግለሰብ ካርድ መግባት የመጀመሪያውን ችግር ቦታ ቀይሮ መድገም ስለሆነ አጥብቄ ተቃወምኩ። በመጨረሻ በብር ከፍሎ በድርጅቱ ስም ደረሰኝ በሚገኝበት የአገር ውስጥ ሻጭ በኩል ለመግዛት ተስማማን።

በአውቶካድ ፋይሎች ላይ የተደረገ ሙከራ

ከመወሰናችን በፊት ሁለት አገልግሎቶችን በእውነተኛ የሥራ ፋይሎች፣ በእውነተኛው የቢሮ መስመር ላይ ለጥቂት ሳምንታት ሞከርን። የሻጮች ገለጻ የማያነሣቸው ነገሮች የታዩት እዚህ ላይ ነው።

አውቶካድ አንድ ንድፍ ሲከፈት ከጎኑ ትንሽ የመቆለፊያ ፋይል ይፈጥራል፤ በአንድ የቢሮ ኔትወርክ ላይ ሁለተኛው ሰው ያንኑ ንድፍ ሲከፍት ፋይሉ በሌላ ሰው እጅ እንዳለ ይነገረዋል። በክላውድ ሲንክ፣ ማለትም ፋይሉ በእያንዳንዱ ኮምፒውተርና በክላውዱ መካከል በራሱ እየተገለበጠ እኩል በሚደረግበት አሠራር ግን፣ ሁለቱም በየኮምፒውተራቸው ባለ ቅጂ ላይ ይሠራሉ፤ መቆለፊያው በጊዜ አይደርሳቸውም። በሙከራው አንድ አርክቴክትና አንድ ድራፍትስማን በአንድ የወለል ንድፍ ላይ ግማሽ ቀን ሠርተው ሲጨርሱ ሁለት የተለያዩ ቅጂዎች ሆነው ተገኙ፤ አንዱን ከሌላው ጋር በእጅ ማስታረቅ ግድ ሆነ።

ሁለተኛው ጉዳይ ኤክስሬፍ፣ ማለትም አንድ ንድፍ ሌላ የንድፍ ፋይል ጠርቶ በውስጡ የሚያሳይበት አሠራር ነው። የስትራክቸር ንድፉ የአርክቴክቱን ንድፍ ከሥሩ ሲጠራ፣ የሚጠራበት አድራሻ ከአንድ ኮምፒውተር ድራይቭ ፊደል ጋር የተያያዘ ከሆነ በሌላው ኮምፒውተር ላይ ባዶ ሆኖ ይከፈታል። ከአውቶካድ 2018 ጀምሮ አንጻራዊ አድራሻ ቀዳሚ ምርጫ ሆኗል፤ ከዚያ በፊት የተጀመሩ ፕሮጀክቶች ግን አንድ በአንድ መታረም ነበረባቸው። ይህ ሥራ አሰልቺ ቢሆንም ሳይሠራ ወደ የትኛውም ቦታ መዛወር አይቻልም።

የተወሰነው

በመጨረሻ አንድ ቦታ ብቻ አልተመረጠም። በመሠራት ላይ ያሉ ንድፎችና ስሌቶች በቢሮው ናስ ላይ እንዲቀመጡ፣ የጸደቁ ፒዲኤፎች፣ ደብዳቤዎች፣ ሰርተፍኬቶችና የኤክሴል ሥራዎች ደግሞ በጎግል ወርክስፔስ የጋራ ድራይቭ ላይ እንዲሆኑ ተወሰነ። ናሱ መብራት ሲሄድ በባትሪ በሚያቆይ ዩፒኤስ ይሠራል፤ የተለወጠውን ፋይል ማታ ማታ፣ መስመሩ ነፃ ሲሆን ወደ ክላውድ ይገለብጣል። ከማይክሮሶፍት ይልቅ ጎግል የተመረጠው በዋናነት ሠራተኛው አስቀድሞ ስለሚያውቀው ነው፤ በቴክኒክ ረገድ ሁለቱም ይበቁ ነበር። የጋራ ድራይቭ በዚያን ጊዜ በዝቅተኛው የክፍያ ደረጃ ስላልተካተተ ከፍ ያለው ደረጃ፣ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ 2 ቴራባይት በጋራ የሚታሰብበት፣ ተገዛ።

ባለሙያዎች በጋራ ድራይቩ ላይ ፋይል መጨመርና ማረም እንጂ መሰረዝም ሆነ ማዛወር የማያስችል የፈቃድ ደረጃ ተሰጣቸው። የዶሜይን ስሙ፣ ማለትም በኢሜይል ውስጥ ከ@ ቀጥሎ የሚመጣው የድርጅቱ የኢንተርኔት አድራሻ፣ በድርጅቱ ንግድ ስም መመዝገቡ ተረጋገጠ፤ አስተዳዳሪው ፓስወርዱን ቢያጣ አገልግሎቱን ማስመለስ የሚቻለው የዶሜይኑ ባለቤትነት ሲረጋገጥ ስለሆነ ይህ ከሁሉ በፊት የሚታይ ነው። አስተዳዳሪዎች ሁለት ሆኑ፤ በኤስኤምኤስ የሚመጣ የማረጋገጫ ቁጥር አንዳንዴ ስለሚዘገይ መጠባበቂያ ኮዶቹ ታትመው በካዝና ተቀመጡ።

የደንበኞችን ፈቃድ ማግኘትም የሽግግሩ አካል ነበር። አንዳንድ የአማካሪነት ውሎች ሰነድ ለሦስተኛ ወገን እንዳይሰጥ ይከለክላሉ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን የግል መረጃ ከአገር ውጭ ማዛወር በሕግ የሚገዛ ጉዳይ አድርጎታል። ለደንበኞች ደብዳቤ ተጻፈ፤ ብዙዎቹ ፈቀዱ፤ አንድ ደንበኛ አልፈቀደም። የእሱ ፕሮጀክት በናሱ ላይ ብቻ ቀረ፤ የሠራተኞች የግል ማህደርም እንዲሁ።

የሠራውና ያልሠራው

ከሁሉ በላይ የሠራው ቴሌግራምን ለመከልከል አለመሞከራችን ነው። ግሩፖቹ እንዳሉ ቀጠሉ፤ የተለወጠው ነገር በፋይሉ ምትክ የጋራ ድራይቩ ሊንክ መላኩ ነው። ሊንኩ ምንጊዜም የሚከፍተው የመጨረሻውን ቅጂ ስለሆነ ከሳይት የሚመጣው «የትኛው ነው ትክክለኛው?» የሚል የስልክ ጥሪ በእጅጉ ቀነሰ። የሳይት መሐንዲሶች የጸደቁትን ንድፎች ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈቱ አድርገው በታብሌታቸው ይይዛሉ።

የፋይል ስም አሰጣጥ መመሪያው ግን መጀመሪያ አልሠራም። አንዱ ፋይሉን በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2016፣ ሌላው ያንኑ በፈረንጅ 2024 ብሎ ስለሚጽፍ የአንድ ወር ሰነዶች በዝርዝሩ ላይ ተራርቀው ይቀመጣሉ። በአማርኛ የተሰየሙት ደግሞ «ሥ» እና «ስ»፣ «ሐ» እና «ሀ» እየተቀያየሩ ስለሚጻፉ በፍለጋ አይገኙም፤ ኮምፒውተሩ የተለያዩ ፊደላት አድርጎ ነው የሚያያቸው። የተደረሰበት መፍትሔ እያንዳንዱ ፋይል በፕሮጀክት ቁጥር እንዲጀምር፣ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዓመተ ምሕረት ቀድሞ በአኃዝ እንዲጻፍ ነው። መመሪያው ከአንድ ገጽ ወደ ሦስት መስመር ካጠረ በኋላ ሰዎች ተከተሉት።

ሌላው ያልጠበቅነው በሽግግሩ ጊዜ የተገኙት አሮጌ ሊንኮች ናቸው። «ሊንኩ ያለው ሁሉ ማየት ይችላል» በሚል የተጋሩ በርካታ ሰነዶች ነበሩ፤ ከእነሱ መካከል ጨረታው ሳይከፈት ምስጢር መሆን ያለበት የመሐንዲስ ግምት ይገኝበታል። ጉዳት የደረሰበት ማስረጃ አልተገኘም፤ ሁሉም ተዘጉ፤ ከድርጅቱ ውጭ የሚደረግ ማጋራትም በአስተዳዳሪ ፈቃድ ብቻ እንዲሆን ተደረገ።

ዋጋው ደግሞ ከታቀደው በላይ ሆነ። አገልግሎቱ ከተገዛ ብዙም ሳይቆይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ድርጅቱ የተጠቃሚዎችን ቁጥር ቀንሶ፣ የሰነድ ማየት ብቻ የሚያስፈልጋቸውን የሳይት ሠራተኞች በእንግድነት በማስገባት ቀጠለ። ሥራ ላይ ያሉ ንድፎች በናሱ ላይ መሆናቸው በዚህ ጊዜ ጠቀመ፤ ክፍያው አንድ ወር ቢዘገይ እንኳ የሚቆም የንድፍ ሥራ አይኖርም።

ለሌሎች ድርጅቶች የሚያገለግለው

ከዚህ ጉዳይ የምወስደው ዋናው ነገር የባለቤትነት ምርመራ ከምርጫው መቅደም እንዳለበት ነው። ፋይሉ፣ ዶሜይኑ፣ የአስተዳዳሪው አካውንት፣ የማረጋገጫ ስልኩና የክፍያ ካርዱ እያንዳንዳቸው በማን ስም እንዳሉ በወረቀት ይጻፍ። አንዱም በግለሰብ ስም ከሆነ፣ ሰውዬው የድርጅቱ መሥራችም ቢሆን፣ ፋይሉ በዚያ ሰው ዕድል ላይ ተንጠልጥሏል። የክሊራንስ ቅጽም ከወንበሩና ከካልኩሌተሩ ጋር ስለ ፎልደሮች፣ ስለ አካውንቶችና ስለ ተጋሩ ሊንኮች ይጠይቅ።

ሙከራ በራስ ፋይል፣ በራስ መስመርና በራስ ሳይት ላይ ይደረግ። ለጽሕፈት ሥራ የተመቸ አገልግሎት ለንድፍ ሥራ ላይመች ይችላል፤ ይህ የሚታወቀው ሁለት ሰዎች አንድ ንድፍ ላይ ሲቀመጡ እንጂ ማስታወቂያ ሲነበብ አይደለም።

ሲንክና መጠባበቂያ ቅጂ አንድ አይደሉም። አንድ ሰው በናሱ ላይ የሰረዘው ፋይል ማታ ከክላውዱም ሊሰረዝ ይችላል፤ ሁለት ዲስክ ያለው ናስም ከስርቆትና ከእሳት አያድንም። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ዴጆን ከተማ በሚገኘው የመንግሥት ዳታ ማዕከል ከሊቲየም ባትሪ በተነሣ እሳት የመንግሥት ሠራተኞች ፋይል ማስቀመጫ የነበረ 858 ቴራባይት ወድሟል፤ በሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ አልነበረውም። በቴክኖሎጂ ከቀደሙት አገሮች አንዷ ላይ የደረሰ ነገር አንድ የአዲስ አበባ ቢሮ ላይ የማይደርስበት ምክንያት የለም። ስለዚህ ድርጅቱ በየሳምንቱ አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ሙሉ ቅጂ ወስዶ ከቢሮው ውጭ ያስቀምጣል፤ በየሩብ ዓመቱ ደግሞ ከዚያ ዲስክ አንድ የተዘጋ ፕሮጀክት ተመርጦ ንድፉ በአውቶካድ፣ ስሌቱም በኢታብስ እስኪከፈት ድረስ ይሞከራል። የመጀመሪያው ሙከራ ላይ ሁለት ንድፎች ኤክስሬፋቸው ጎድሎ ስለተገኘ፣ ፕሮጀክት ሲዘጋ ንድፎቹ ከሚጠሯቸው ፋይሎች ጋር በአንድ ጥቅል ታስረው ወደ ማህደር እንዲገቡ ተወስኗል፤ የቆዩት ፕሮጀክቶች በዚሁ መልክ እየታሰሩ ያሉት ከቅርቦቹ ወደ ኋላ በመሄድ ሲሆን ሥራው ገና አላለቀም።